አዘጋጅ ብቻ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጋሼ ወደቁ። ትናንት ከቤታቸው ደረጃ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰብሯል። በዚህ ቲያትር ቤት ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲያዘጋጁ አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ወንበራቸው ባዶ ሲሆን ሁላችንም የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፋን።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ። «ድርሰቱን ከዳር እስከ ዳር የምታውቂው አንቺ ነሽ። ለጊዜው ያዥልን» አለኝ። ለጎረቤት ሕፃን እንደሚያስይዝ ሰው፣ ያዥልን።

«የእናቲቱ ቦታስ?» አልኩት።

«እሱን ሌላ ሰው ይሸፍነዋል። ሁለቱንም አትችዪም።»

እናቲቱ በሃያ አንድ ዓመት የመድረክ ሕይወቴ ካገኘኋቸው ሁሉ የበለጠች ሚና ናት። ቃሏን በልቤ ይዤዋለሁ። እሺ አልኩ። ምን እንደሰጠሁ የገባኝ ከቢሮው ወጥቼ ኮሪደሩ መጨረሻ ስደርስ ነው። ምን እንደተቀበልኩ ግን አሁንም አልገባኝም። አዘጋጅ ሆነሻል ያለኝ ሰው የለም። ያዥልን ብቻ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የመጀመሪያው ልምምዴ።

ድርሰቱ ቀላል ነው። አርባ ዓመት ድልድይ የጠበቀ ሰው ጡረታ ሊወጣ ሲል ሴት ልጁ «ቦታህን እኔ ልያዘው» ትለዋለች፤ እሱ እምቢ ይላል፤ እናት መሃላቸው ሆና ትቃጠላለች። አባትየውን የሚጫወተው ጎርናናው ነው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ስለሚመስል ስሙን ያወጡለት ገና እንደተቀጠረ ነው፤ እሱም ወዶት ይኖራል። ልጅየዋን የምትጫወተው ሳቋ ስለማይቆም ፍልቅልቋ የምንላት ናት።

ጎርናናውን «በግራ ግባ» አልኩት። ቆመ። «እሜቴ፣ ጋሼ በቀኝ ነው ያሉኝ» አለ። ይኼኔ ልጅቷ ከጥግ ሆና ትልቁን ደብተር ገለጠችና «በግራ ነው። ባለፈው ወር በአሥራ ሰባት ቀይረውታል» አለች። ገባ። በግራ።

ልጅቷ የምላት ከመድረክ ጀርባ የምትሠራዋን ነው። ማን መቼ እንደሚገባ፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ፣ የቱ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ የተጻፈበት ደብተር እሷ ጋ ነው ያለው። የቀድሞው የመድረክ አስተዳዳሪ ሲለቅ ለጊዜው ብለው ሰጧት፤ መዝገብ ላይ ግን አሁንም አልባሳት ክፍል ናት። ዝምተኛ ናት። ዕድሜዋ ከሠላሳ ሳያልፍ አይቀርም፣ ግን ሁሉም ልጅቷ ነው የሚላት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ልጄ የትምህርት ቤት ቅጽ ስትሞላ «የእናት ሥራ» የሚለው ጋ ደረሰች። «ተዋናይት ልበል?» አለችኝ።

«አዘጋጅ በይ።»

ልትጽፍ ብላ ቀና አለች። «የምን አዘጋጅ? መምህሯ የምግብ አዘጋጅ እንዳይመስላት።»

አባቷ ከሶፋው ላይ ሳቀ። «ምነው በሆነችና በጠገብን» አለ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልዱ መጥፎ አልነበረም። ወንድ ሲሆን «የምን አዘጋጅ» ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ ትዝ ያለኝ ሳህን ሳጥብ ነው። ለሳህኑ ልንገረው?

ልጄ በመጨረሻ «የቲያትር ቤት ሠራተኛ» ብላ ጻፈች። ትኬት ቆራጩም፣ ዘበኛውም፣ እኔም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

በጥድፊያ። አዲሷ እናት ቃሏን አልያዘችም። ሁለተኛው ክፍል አልነሳ ብሏል፤ አባትና ልጅ ድልድዩ ላይ የሚነጋገሩበት ትዕይንት ሞቷል። ጎርናናው በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደ የጋሼን ትእዛዝ በወረቀት ይዞ ይመጣል። ዛሬ በሁሉም ፊት አነበበልኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። አመሰግናለሁ! ምን ነካኝ።

እሁድ፣ የካቲት 16

ብርቱካን ገዝቼ ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። ትራሱ ላይ አንሰው ታዩኝ። ጢማቸው አድጓል።

«እንዴት ይዘሻቸዋል?» አሉኝ።

«ደህና ነን ጋሼ። ግን ጎርናናው መልእክት ማመላለሱን ቢተው ጥሩ ነበር። ሁለት አዘጋጅ ሆነብን።»

«ሁለት አይደለም» አሉ። «አዘጋጅ አንድ ነው። አንቺ ምርጧ ተዋናይቴ ነሽ። በዚህ ቤት አንቺን የምታህል ተዋናይት አልመጣችም፣ አትመጣምም። እስክነሳ ጠብቂልኝ።»

ተዋናይቴ። ይህን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ስንት ዓመት ለፍቻለሁ። ስንት መጋረጃ ከተዘጋ በኋላ ዓይን ዓይናቸውን አይቻለሁ። ዛሬ ሰጡኝ፣ ደረቴ ላይ ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ። እግዜር ይማርዎ ብዬ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ብርቱካኑ አሁንም እጄ ላይ ነው። አፍሬ ተመለስኩና ሰጠኋቸው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

እፎይ። የድልድዩ ትዕይንት ተነሳ። ልጁ ስትለምነው ጎርናናው ዞሮ ጀርባውን ለተመልካች ይሰጣል። ፊቱ አይታይም። የሚታየው ትከሻው ነው፣ እሱም ቀስ እያለ ሲወርድ። ፍልቅልቋ መሳቋን ትታ የእውነት አለቀሰች።

ጠዋት ልጅቷ ወንበር ስትደረድር «እትዬ፣ ጀርባውን ለሰዉ ቢሰጥስ?» የሚል ነገር አጉተምትማ ነበር። እኔም ያው ወደዚያው ሳስብ ነው የሰነበትኩት።

ጎርናናው «ይሄ ያንቺ ሐሳብ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሳይከራከር ሠራ። እሜቴም አላለኝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

የማስታወቂያ ክፍሉ ሰው የፖስተሩን ናሙና አሳየኝ። ከላይ «አዘጋጅ» ተብሎ የጋሼ ስም። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ «አስተባባሪ ተዋናይት» ተብሎ የኔ።

«አስተባባሪ ተዋናይት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያው አንቺ ማለት ነው» አለ።

በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። ጋሼ ይከፋቸዋል አለ። ጋሼ ያዘጋጁት ሁለት ሳምንት ነው፣ ቀሪውን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩ። ስምሽ እንዲተልቅ ከሆነ እናተልቀዋለን አለ።

«እንዲተልቅ አይደለም። ሥራዬን በስሙ ይጥሩልኝ ነው የምለው።»

መሳቢያውን ስቦ የሥራ መደቡን ዝርዝር አወጣ። «እይው። መዝገብሽ ላይ ተዋናይት ነሽ። ከተዋናይ ወደ አዘጋጅ ማደግ እዚህ ተጽፏል። ከተዋናይት ግን ወደ የትም አልተጻፈም።»

«አንዲት ፊደል እኮ ናት።»

«ፊደል ናት። ማኅተም ያረፈባት ፊደል ናት።»

ወረቀቱን አየሁት። ልክ ነው። ተዋናይ ከሚለው ቀጥሎ ቀስት አለ። ተዋናይት ከሚለው ቀጥሎ ነጭ ወረቀት ነው። ሃያ አንድ ዓመት እዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ነው የቆምኩት፣ ማንም አልነገረኝም። ጠይቄስ መች አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

መልበሻ ክፍል ውስጥ ለፍልቅልቋ ነገርኳት። ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም ተዋናይ በሉን እንበል፣ ይህቺ ት ትውጣልን አልኳት።

ፀጉሯን መያዟን ተወችና በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። «ለምን ትወጣለች? እኔ እወዳታለሁ። ተዋናይ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ጎርናናው ነው። ት ስትኖር እኔ እመጣለሁ።»

«እሷ እኮ ናት የቆለፈችብሽ።»

«የቆለፈብኝ መዝገቡ ነው። መዝገቡን ያርሙት እንጂ የኔን ፊደል ምን አድርጉ ትያቸዋለሽ?»

ገና ልጅ ነሽ፣ ይገባሻል አልኳት። መልስ ሲያጥረኝ የምለው ነው። እናቴም እንዲህ ነበር የምትለኝ። መንገድ ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ቤቴን አልፌ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሥራ አስኪያጁ ሐሳቡን ለወጠ። ሬዲዮ ጣቢያው «በቲያትር ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አዘጋጅ» የሚለውን ስለወደደው ፖስተሩ ላይ ይውጣ ብሏል። መዋቅሩስ አልኩት። «ማስታወቂያ ላይ መዋቅር አይሠራም» አለኝ፣ ሳያፍር።

የማስታወቂያ ክፍሉ ሰው ደግሞ «ሴት አዘጋጅ» ከሚባል «አዘጋጂት» ቢባል ለጆሮ ይጥማል የሚል ነገር ፈጥሮ መጣ። አዘጋጂት። ደጋግሞ አላት፤ ከረሜላ የሚመጥ ይመስል ነበር። አዘጋጅ ብቻ በሉኝ አልኩ። ብቻ የሚለውን ማንም አልሰማኝም።

ሬዲዮ ሄድኩ። ጋዜጠኛው ጨዋ ልጅ ነው። ወንድ ተዋንያንን ማዘዝ አይከብድም ወይ አለኝ። ባለቤትሽ ምን ይላል አለኝ። ልጅሽን ማን ያያታል አለኝ። ስለ ቲያትሩ ሊጠይቀኝ ሲል ሰዓት አለቀ። እኔም ሁሉንም በፈገግታ መለስኩ። ፈገግታዬ በሬዲዮ ይሰማ እንደሆን አላውቅም፤ እኔ ግን እስካሁን ጉንጬን አሞኛል።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ከዳር እስከ ዳር ሳናቋርጥ ሠራነው፤ ውርደት ነው። አዲሷ እናት ሁለት ገጽ ዘለለች። ጎርናናው ሳቀባት። ድልድዩ ላይ መብራቱ ቀድሞ ጠፋና የትዕይንቱ ሆድ ተቀደደ።

ልጅቷ ላይ ጮህኩባት። በሁሉም ፊት። «አንድ ሥራ ነው ያለሽ፣ እሱንም አትችዪም?» አልኳት። ደብተሩን ገልጣ የመብራቱን ገጽ ፈለገች።

ማታ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ለካ የመብራቱን ሰዓት ቅዳሜ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ለመብራት ሠራተኛው ነግሬ ለእሷ አልነገርኳትም። ነገ ይቅርታ እላታለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ይቅርታ ልላት ነበር። ሰው ከበበኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ምሳ ላይ ባለቤቴ «ምን ብለው ቢጠሩሽ ምን ለውጥ አለው? ሥራውን እንደሆን እየሠራሽው ነው» አለኝ። በደግነት ነው ያለኝ። እሱ አምና ከምክትል ርዕሰ መምህርነት ሲያድግ፣ ቢሮው በር ላይ «ምክትል» የምትለው እስክትፋቅ ድረስ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ይህን አስታወስኩት። ሳህኑን ይዞ ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ከኩሽና «እውነትሽን ነው» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ግን ሰምቼዋለሁ።

በዚህ ሳምንት ደስ ያለኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

አሸነፍኩ መሰለኝ። ሥራ አስኪያጁን «ሴት» የምትለዋ ካልወጣች መክፈቻው ቀን ቤቴ ነኝ አልኩት። የምሬን መሆኑን አየ። «አዘጋጅ» ብቻ ይሆናል፣ በራሱ መስመር። ጋሼም «የመነሻ ዝግጅት» ተብለው ይገባሉ።

በር ላይ የሚታደለውን ባለ አራት ገጽ ፕሮግራም ናሙና እንድፈርም አመጡልኝ። የማስታወቂያ ክፍሉ ሰው «አዲስ መስመር ስለጨመርን ከታች ሁለት መስመር መውጣት አለበት» አለ። የግድግዳ ቀለም የቀባው ሰውና የመድረክ አስተዳዳሪ የሚሉት ናቸው። «ከጀርባ ያለውን ማን ያነባል?» አለኝ።

ልጅቷ መዝገብ ላይም ቢሆን የመድረክ አስተዳዳሪ አይደለችም። ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነበር። ፊደሉን ትንሽ አሳንሱት ማለት ይቻል ነበር ይሆን? ደክሞኛል። ፈረምኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ትናንት ተከፈተ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሰዉ ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጋሼ በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው ከፊት ሆኑ። ፕሮግራሙን አንስቼ አየሁት። አዘጋጅ፣ ከዚያ ስሜ። ከፊቱ ምንም የለ፣ ከኋላው ምንም የለ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልናገርም።

ከመጋረጃው ጀርባ ስሄድ ልጅቷ በእጅ ባትሪ እያበራች ያንኑ ወረቀት ታነባለች። ገጹን ገለበጠች። መልሳ ገለበጠች። በጣቷ ከላይ ጀምራ እስከ ታች ወረደች። እኔን ስታይ አጠፈችውና ኪሷ ከተተችው።

«ጥሩ ሆኗል እትዬ» አለችኝ። «አዘጋጅ ብቻ። ያምራል።»

አፌን ከፈትኩ። «ልንጀምር ነው፣ ቦታሽን ያዢ» አለችኝ፣ ወደ መብራቱ ዞራ።

ቲያትሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም። እያንዳንዱ መብራት በሰዓቱ፣ እያንዳንዱ ዕቃ በቦታው። ጎርናናው ጀርባውን ሲሰጥ አንድ ሰው አሳለ፤ ሁሉም ዞሮ ገላመጠው። ሲያልቅ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ጋሼ እጄን ይዘው «ያ ጀርባ፣ እኔ አላስበውም ነበር። ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። በሁሉም ፊት። አንገቴን ሰበርኩ። ትሕትና ሳይመስላቸው አልቀረም።

ደስታዬ ሌላ ሰው ጋ ያለ ይመስል አልመጣልኝ አለ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ልጅቷ መልቀቂያ አስገባች። ሌላ ቲያትር ቤት በመድረክ አስተዳዳሪነት ወስዷታል።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። መደቡን ይስጧት፣ እንዳትሄድ አልኩት። «ልጅቷ ትሂድ እንጂ። አልባሳት የሚይዝ ሰው አይጠፋም» አለኝ።

«ልጅቷ አይደለችም። ስም አላት። ሥራም አላት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «አንቺም ልጅቷ ነበር የምትያት። ፕሮግራሙንም የፈረምሽው አንቺ ነሽ።»



አልባሳት ክፍል ሄጄ አገኘኋት። የአባትየውን ካፖርት ቁልፍ ትሰፋ ነበር። መብራቱ ያን ቀን የጠፋው በኔ ጥፋት እንደሆነ፣ መስመሯም የወጣው በኔ ፊርማ እንደሆነ ነገርኳት። ጀርባ የመስጠቱንም ነገር።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አውቃለሁ» አለች። «ሦስቱንም።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን?» አለችኝ። ክፉ ነገር የለበትም አነጋገሯ። እውነት መጠየቋ ነው። ከዚያ «የሚወስዱኝ ቦታ ምን ስሠራ እንደቆየሁ የሚያስረዳ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ትጽፊልኛለሽ?» አለች።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ጽሕፈት ቤቱ ማኅተም አላሳርፍም አለ፤ መዝገብ ላይ የመድረክ አስተዳዳሪ የሚባል ነገር ከስሟ ፊት የለም። ያለ ማኅተም ይሁን ብዬ ቅዳሜ በእጄ ጻፍኩት። ሁለት ዓመት በመድረክ አስተዳዳሪነት መሥራቷን፣ ያለ እሷ ይህ ቲያትር እንደማይከፈት፣ ሰዉ ያጨበጨበለት የድልድዩ ትዕይንት ሐሳቡ የእሷ እንደሆነ። ከታች ፈርሜ «አዘጋጅ» አልኩ። የዚያኑ ግልባጭ ለሥራ አስኪያጁም ለጋሼም ላክሁ። ጋሼ ይስቁ ይሆናል፣ ወይም ይከፋቸዋል። ጎርናናው ሰምቶ ከሁለት ቀን ወዲህ ሰላም አይለኝም።

ከሰዓት በኋላ መጣች። ዕቃዋን በአንድ ካርቶን ይዛለች። ትልቁን ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ደብዳቤውን ቆማ አነበበች። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሁለት አይደለም እትዬ። አራት ዓመት ነው።»

ሁለቱን ሰርዤ አራት ልል ስል እጄን ያዘችኝ። ስርዝ ድልዝ ያለበት አይቀበሉም አለች። አዲስ ወረቀት አወጣሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሷ ካርቶኗን ወንበሩ ላይ አድርጋ ቆማ ጠበቀችኝ። ስሟን ልጽፍ ስል ብዕሬ ቆመ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩት አየሁ፤ በግምት ነበር።

«በየትኛው ሰ ነው የሚጻፈው?» አልኳት።

«በንጉሡ» አለችኝ።